ሕፃናት ስለ በዓል የሚጽፉት አንቀጽና አመዛዘኑ

በኢትዮጵያ የትምህርት ዘመን የሚከፈተው በመስከረም ስለ ሆነ፣ ተማሪዎች ወደ ክፍል የሚመለሱት ቡሄና እንቍጣጣሽ ካለፉ በኋላ፣ መስቀልም በተቃረበ ጊዜ ነው። ከዚህም የተነሣ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎች መምህሩ ከሚያዝዛቸው የመጀመሪያ ድርሰቶች አንዱ ብዙ ጊዜ ስለ በዓል የሚጻፍ አንቀጽ ይሆናል። ትእዛዙ ቀላል ይመስላል፤ ሕፃኑ ያየውን ይጽፋል፤ መምህሩም አርሞ ነጥብ ይሰጣል። ነገር ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ላይ ሁለት ልዩ ልዩ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። አንደኛው የቋንቋ ትምህርት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ አንድን ሐሳብ በሥርዐት ዘርግቶ ለመጨረስ ችሏልን የሚለው ነው። ሁለተኛው የባህል ጥናት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ሕፃኑ የጻፈው በቤቱና በመንደሩ የሚደረገውን ነው ወይስ በዓል ማለት እንዲህ ነው ተብሎ በቃል ያጠናውን የሚለው ነው። እርማቱ ሁለቱን ሳይለይ የቀረ እንደ ሆነ፣ ያላየውን የጻፈ ሕፃን ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ ያየውን የጻፈው ይቀጣል። ይህ ጉዳት ከምን እንደሚመጣና በምን ሊቃና እንደሚችል የቡሄን በዓል ምሳሌ አድርጎ መመርመር ይቻላል።

የቡሄ ሥርዐትና የሕፃናቱ ድርሻ

ቡሄ ነሐሴ 13 ቀን ይውላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ዘንድ በዓሉ ደብረ ታቦር ይባላል፤ ክርስቶስ በታቦር ተራራ ላይ ብርሃነ መለኮቱን የገለጠበት ቀን መታሰቢያ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ግን ቡሄን ከሌሎቹ በዓላት የሚለየው ዋናዎቹ አድራጊዎች ልጆች መሆናቸው ነው። ከበዓሉ አስቀድሞ እረኞችና የመንደር ልጆች ጅራፍ እየገመዱ ያጮኻሉ። በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል። ልጆች በቡድን ሆነው ሆያ ሆዬ እያሉ ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ የቀሩት ይቀበላሉ፤ በዱላቸውም መሬቱን እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ። የቤቱ እመቤት ሙልሙል ዳቦ ትሰጣቸዋለች፤ እነርሱም ቤቱን መርቀው ወደሚቀጥለው ደጃፍ ይሄዳሉ። በከተማ በሙልሙል ፈንታ ገንዘብ መስጠት እየተለመደ መጥቷል።

ለነዚህ ድርጊቶች ሊቃውንቱ ትርጓሜ ይሰጣሉ። የጅራፉ ድምፅ በተራራው ላይ የተሰማውን የአብን ድምፅ፣ ችቦው የታየውን ብርሃን፣ ሙልሙሉም በብርሃኑ ምክንያት ሳይመሹ መስሏቸው በመስክ ለዘገዩት እረኞች ወላጆቻቸው የወሰዱላቸውን እንጀራ ያስታውሳሉ ይባላል። የስሙንም ምንጭ አንዳንዶቹ ከብራና ከብርሃን፣ ሌሎቹ ከሊጥ መቡካት ጋር ያያይዙታል።

ለአራሚው በተለይ የሚጠቅም አንድ ነገር ደግሞ አለ። ቡሄ የሚውለው ከነሐሴ 1 እስከ ነሐሴ 15 ቀን በሚጾመው በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። ስለዚህ ጾሙን በሚጠብቅ ቤት በዚያ ዕለት በግ አይታረድም፤ ዶሮም አይሠራም። የበዓሉ ማዕድ ዳቦ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለት አንቀጾች

በአራተኛ ክፍል ደረጃ የሚገኝ ተማሪ ከአምስት እስከ ስምንት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል። ከዚህ በታች ያሉት ሁለት አንቀጾች ለማስረጃነት የተዘጋጁ እንጂ ከተወሰነ ትምህርት ቤት የተወሰዱ አይደሉም፤ ሆኖም መምህራን በየጊዜው የሚያርሟቸውን ሁለት ዐይነት ጽሑፎች ይወክላሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«ቡሄ በአገራችን ከሚከበሩት በዓላት አንዱ ነው። በየዓመቱ በታላቅ ድምቀት ይከበራል። በዚህ ቀን ልዩ ልዩ ምግብና መጠጥ ይዘጋጃል። ሰዎች የባህል ልብስ ይለብሳሉ። ልጆችም ወላጆችም በጣም ይደሰታሉ። ስለዚህ ባህላችንን መጠበቅ አለብን።»

ሁለተኛው ከነስሕተቱ እንዲህ ይላል፦

«አያቴ ለቡሄ ሙልሙል ትጋግራለች አምና አስራ ሁለት ጋገረች። ጅራፌን አጎቴ ገመደልኝ ከዛ ማታ ልጆች መጡ ሆያ ሆዬ አሉ በዱላቸው መሬቱን መቱ አያቴ ለሁሉም ሠጠች። መጨረሻ ላይ ሦስት ልጆች መጡ ሙልሙሉ አልቆ ነበር አያቴ የኔን ወሰደችና ለሦስት ቆረሰችላቸው። እኔ አለቀስኩ። አያቴ ልጆች ሳይመርቁት የቀረ ቤት ዓመቱን እንዴት ይወጣል አለችኝ።»

በብዙ ክፍል የተለመደው እርማት ግድፈትን እየቈጠሩ መቀነስ ነው። በዚህ ሥርዐት የመጀመሪያው ጽሑፍ ምንም ግድፈት ስለሌለበት ከ10 ነጥብ 10 ያገኛል። በሁለተኛው ላይ ግን አራት የአጻጻፍ ግድፈቶች ይገኛሉ፤ «አስራ» በ«ዐሥራ»፣ «ሠጠች» በ«ሰጠች»፣ «ከዛ» በ«ከዚያ»፣ «የኔን» በ«የእኔን» ፈንታ ገብተዋል። ትምህርተ ጥቅሱ ሳይቈጠር እንኳ አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ሳይደረግባቸው የታለፉ ሰባት ቦታዎች አሉ። ለያንዳንዱ ግድፈት ግማሽ ነጥብ የተቀነሰ እንደ ሆነ ለልጁ የሚቀረው 4 ነጥብ ተኩል ነው። ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተሞልቶ ይመለስለታል። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው በዓል ሲጽፍ አያቱን ትቶ «በታላቅ ድምቀት ይከበራል» ብሎ መጻፍን ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ የተማረው ይህን ነውና።

የሁለቱ ጽሑፎች ዋጋ ግን እንዲህ አይደለም። በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ «ቡሄ» የሚለውን ስም አውጥቶ «መስቀል» ወይም «ገና» ቢያስገቡበት ጽሑፉ ምንም ሳይናጋ ይቆማል። ይህም ስለ ቡሄ አንዳች እንዳልተናገረ ያስረዳል። እንዲያውም «ልዩ ልዩ ምግብና መጠጥ» የሚለው ቃል ከሌላ በዓል የመጣ ይመስላል፤ የቡሄ ማዕድ በጾም ምክንያት የታወቀና የተወሰነ ነውና። ሁለተኛው አንቀጽ ግን የበዓሉን ውስጣዊ ሥርዐት ያሳያል። ዳቦ የሚጋገረው በቤተ ሰቡ ቍጥር ብቻ ሳይሆን ይመጣሉ ተብለው ለሚጠበቁት ልጆች ጭምር መሆኑን፣ በዳቦውና በምርቃቱ መካከል የመስጠትና የመቀበል ግዴታ መኖሩን፣ ይህንንም ግዴታ የምትጠብቀው የቤቱ ትልቅ ሴት መሆኗን ይናገራል። ስለ ልውውጥ ሥርዐት የሚያጠና ሰው ከረዥም ጥያቄ በኋላ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ሕፃኑ በአንዲት ቍራሽ ዳቦ ገልጾታል።

አራሚዎች ስለምን አይስማሙም

የአንድ ድርሰት ነጥብ እንደ አራሚው መለያየቱ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። በ1961 እ.ኤ.አ. ፖል ዲዴሪክ፣ ጆን ፍሬንችና ሲዴል ካርልተን በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ የኮሌጅ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የጻፏቸው 300 ድርሰቶች ከልዩ ልዩ ሙያ ለተውጣጡ 53 አንባቢዎች ቀርበው በ9 ደረጃ እንዲመደቡ ተደረገ። ከ300ዎቹ ውስጥ 101 ድርሰቶች ከአንድ እስከ ዘጠኝ ያሉትን ደረጃዎች ሁሉ አገኙ፤ ከአምስት ያነሰ ልዩ ልዩ ደረጃ ያገኘ አንድም አልነበረም። አጥኚዎቹ የልዩነቱን ምክንያት በመረመሩ ጊዜ፣ አንባቢዎቹ በየወገናቸው ልዩ ልዩ ነገር ይመለከቱ እንደ ነበር አገኙ። አንዱ ወገን ከሁሉ በላይ ሐሳቡን፣ ሌላው ግድፈቱን፣ ሌላውም የቃላቱን ምርጫ ይመዝን ነበር።

የዚህ ጥናት ትምህርት ለሕፃናት አንቀጽም ያገለግላል። መምህሩ የሚመዝናቸውን ነገሮች አስቀድሞ ለይቶ ካልወሰነ፣ ለዐይን ቶሎ የሚታየው ነገር የቀረውን ሁሉ ይሸፍነዋል። በወረቀት ላይ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚታየው የሆሄና የነጥብ ግድፈት ነው።

አራቱ መመዘኛዎች

ስለዚህ እርማቱ በአራት ክፍል ቢለይና ለያንዳንዱ የተወሰነ ነጥብ ቢሰጠው ይበጃል። በ20 ነጥብ ሲታሰብ፣ አንደኛው ምልከታ ነው፤ 6 ነጥብ ይያዝለታል። የሚጠየቀውም ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገ ሕፃኑ ለይቶ መናገሩ ነው። ሁለተኛው አንድነትና ቅደም ተከተል ነው፤ ይህም 6 ነጥብ ይያዝለታል። አንቀጹ አንድ ኃይለ ቃል ይኑረው፤ ዝርዝሮቹም ያንን ይደግፉ፤ ድርጊቶቹ በሆኑበት ተራ ይምጡ። ሦስተኛው ቃላትና ዐረፍተ ነገር ነው፤ ለዚህ 4 ነጥብ ይበቃል። አራተኛው ሆሄና ሥርዐተ ነጥብ ሲሆን፣ እርሱም 4 ነጥብ ይኖረዋል። እነዚህ ቍጥሮች ሕግ አይደሉም፤ መምህሩ እንደ ክፍሉ ደረጃ ሊያሻሽላቸው ይችላል። ሊጠበቅ የሚገባው አንዱ ክፍል ሌላውን እንዳይውጠው ነው።

በዚህ ሚዛን የመጀመሪያው አንቀጽ ለምልከታ 1፣ ለአንድነትና ለቅደም ተከተል 3፣ ለቃላትና ለዐረፍተ ነገር 3፣ ለሆሄና ለነጥብ 4፣ በድምሩ 11 ያገኛል። ስለ አንድ በዓል ብቻ በመናገሩ አንድነት አለው፤ ዐረፍተ ነገሮቹን ግን ቢያዘዋውሯቸው የሚጐድል ነገር ስለሌለ እርስ በርሳቸው አልተያያዙም። ሁለተኛው ለምልከታ 5፣ ለአንድነትና ለቅደም ተከተል 5፣ ለቃላትና ለዐረፍተ ነገር 3፣ ለሆሄና ለነጥብ 1፣ በድምሩ 14 ያገኛል። የጅራፉ ነገር ከሙልሙሉ ታሪክ ወጣ ያለ ስለ ሆነ አንድ ነጥብ ያስቀንሳል። ኃይለ ቃሉ በመጀመሪያ አልተነገረም፤ ሆኖም በመጨረሻ የመጣው የአያቲቱ ቃል የቀደመውን ሁሉ ስለሚያስር አንቀጹ ኃይለ ቃል የለውም ሊባል አይችልም። የነጥብ አጠቃቀሙ ደካማ መሆኑም አልተሰወረም፤ ልጁ ምን እንደሚጐድለው ከነጥቡ ያውቃል፤ ነገር ግን ጉድለቱ የቀረውን አላጠፋበትም።

ከሆሄ ግድፈቶቹም መካከል ልዩነት መደረግ አለበት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ እንደዚሁም ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በግዕዝ የየራሳቸው ቦታ ያላቸው ሲሆኑ፣ በአማርኛ አነጋገር ድምፃቸው አንድ ሆኗል። ሕፃኑ በጆሮው ሊለያቸው ስለማይችል «ሠጠች» ብሎ መጻፉ የማንበብ ልምድ ማነስን ያመለክታል እንጂ ትርጕምን አያፋልስም። «ከዛ» እና «የኔን» ደግሞ የንግግር ቃል ወደ ጽሑፍ መግባቱን ያሳያሉ፤ እነዚህ የሚታረሙት ከጽሑፍ ወግ ጋር በማስተዋወቅ ነው። ዐረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ አለመለየት ግን አንባቢውን ስለሚያሳስት ከሁሉ የበለጠ ትኵረት ይገባዋል። መምህሩ በአንድ ጊዜ አንዱን ዐይነት ግድፈት ብቻ መርጦ ቢያሳርም ልጁ ሊሸከመው ይችላል።

ስሕተትና የአገር ልዩነት

ስለ በዓል የተጻፈን አንቀጽ የሚያርም ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላ ነገር፣ እርሱ የሚያውቀውን ሥርዐት ብቻ ትክክለኛ አድርጎ መውሰድ ነው። ፍልሰታ ከተፈታበት ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች የሚጫወቱት በዓል በትግራይ አሸንዳ፣ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ይባላል። ከሰቆጣ የመጣች ተማሪ «ሻደይ» ብላ ብትጽፍ፣ ስሙን ሰርዞ «አሸንዳ» ብሎ ያረመ መምህር ትክክለኛውን ቃል በሌላ አገር ቃል ለውጧል። የመስቀል ደመራም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ የሚለኰሰው መስከረም 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ሲሆን፣ መስከረም 17 ቀን ንጋት ላይ የሚለኰስባቸው ቦታዎች አሉ። በጉራጌ ደግሞ መስቀል በልዩ ልዩ ከተማ ተበትኖ የሚኖረው ቤተ ሰብ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚመለስበት የዓመቱ ታላቅ በዓል ነው። ከነዚህ ቦታዎች የመጡ ልጆች ስለ አንድ ቀን ሲጽፉ አንቀጾቻቸው ሊመሳሰሉ አይችሉም፤ ሊመሳሰሉም አይገባም።

እንግዲህ መምህሩ የማያውቀው ነገር ባጋጠመው ጊዜ ከመሰረዙ በፊት መጠየቅ ይኖርበታል። «ይህን ያየኸው የት ነው?»፣ «ማን ነገረሽ?» የሚሉት ጥያቄዎች የልጁን ጽሑፍ ያሻሽላሉ፤ መምህሩንም ያስተምራሉ። በአንጻሩ ሕፃኑ በጾመኛ ቤት ለቡሄ በግ ታረደ ብሎ የጻፈ እንደ ሆነ፣ ይህ የአገር ልዩነት ሳይሆን ምናልባት ከሌላ በዓል የተቀዳ ቃል ስለ ሆነ፣ በዚሁ ዐይነት ጥያቄ ሊጣራ ይገባዋል።

የጥያቄው አወጣጥ

የአመዛዘኑ ቅንነት የሚጀምረው ከእርማቱ ሳይሆን ከትእዛዙ ነው። «ስለ ቡሄ አንድ አንቀጽ ጻፉ» የሚል ትእዛዝ በዓሉን የማያከብረውን ተማሪ የቋንቋ ችሎታውን ሳይሆን ያላደገበትን ሥርዐት ይጠይቀዋል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖትና ከፖለቲካ ወገንተኝነት፣ ከባህልም ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለዚህ ትእዛዙ «በቤታችሁ ወይም በመንደራችሁ ከሚከበሩት በዓላት አንዱን ምረጡ፤ በዚያ ቀን እናንተ ራሳችሁ ያደረጋችሁትን ወይም ያያችሁትን አንድ ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፉ» ቢል ለሁሉም ይስማማል። የሐረር ልጅ ከረመዳን በኋላ ስለሚመጣው ሹዋሊድ፣ የሲዳማ ልጅ ስለ ፍቼ ጨምበላላ፣ ሌላውም ስለ ዒድ ወይም ስለ ኢሬቻ በእኩል ሚዛን ሊጽፍ ይችላል። «አንድ ነገር» የሚለው ቃልም ጥቅም አለው። በዓልን በሙሉ እንዲገልጽ የታዘዘ ሕፃን ወደ ተጠና ቃል ይሸሻል፤ አንድ ድርጊት እንዲናገር የታዘዘ ግን ወደ ትዝታው ይመለሳል።

የአማርኛ አፋቸውን በቤት ያልፈቱ ተማሪዎችም ሊታሰቡ ይገባል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን ከፈቀደ ወዲህ፣ አማርኛ ለብዙ ሕፃናት ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ የሚማሩት ትምህርት ነው። የበዓሉን ዕቃና ምግብ ስም በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጽፎ ምንነቱን በአማርኛ ያስረዳ ተማሪ ሊመሰገን እንጂ ነጥብ ሊቀነስበት አይገባም፤ የአማርኛ አቻ የሌለው ስም ብዙ ነውና።

የቤት ምስጢርና የሕፃኑ ክብር

በዓል የቤትን ጓዳ የሚገልጥ ጉዳይ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ስለ እንቍጣጣሽ ከታዘዙት ተማሪዎች አንዷ «ዘንድሮ እናቴ ስለ ታመመች በቤታችን ዶሮ አልተሠራም፤ ጎረቤታችን ዳቦ ሰጠችን» ብላ ብትጽፍ፣ ጽሑፏ ስለ በዓል አይደለም ሊባል አይችልም። በዓል ያጣውንና ያገኘውን ጎረቤት እንዴት እንደሚያገናኝ የሚያሳይ ምስክር ነው። ሚዛኑ የማዕዱን ብዛት የሚመዝን የሆነ እንደ ሆነ ግን ልጅቱ ያልታረደውን ዶሮ እንደ ታረደ አድርጋ መጻፍን ትማራለች። በዚያን ጊዜ የጠፋው አንድ እውነት ብቻ አይደለም፤ ጽሑፍ ማለት ያዩትን መናገር ነው የሚለው እምነት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወረቀት ያለ ልጁ ፈቃድ በክፍል ፊት ሊነበብ አይገባም። ነጥቡም የሚሰጠው ለአነጋገሩ እንጂ ለቤቱ ሁኔታ መሆን የለበትም።

ጽሑፎቹ ለባህል ጥናት የሚሰጡት ጥቅም

ተማሪዎች ስለ ትውልድ አገራቸው ልማድ የሚጽፉት ነገር ለጥናት እንደሚጠቅም በኢትዮጵያ ቀድሞም ታውቋል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር ባወጣቸው መጽሔቶች ተማሪዎች የየአገራቸውን ሥርዐት ጽፈው አቅርበዋል። የአንደኛ ደረጃ ተማሪ አንቀጽ ከዚህ ያነሰ ምስክርነት አለው፤ ሕፃኑ የሰማውንና ያየውን ሊያቀላቅል፣ ከጓደኛውም ሊገለብጥ ይችላል። ስለዚህ ለጥናት የሚጠበቅ ወረቀት የልጁ ስም ተሰውሮ፣ ዕድሜው፣ ቦታው፣ የተጻፈበት ዓመትና የትእዛዙ ቃል ይመዝገብበት፤ የተባለውም ነገር ከአዋቂዎች ቃል ጋር ይነጻጸር። ከሁሉ በላይ የልጁ ቃል ሳይታረም እንደ ተጻፈ ይጠበቅ፤ «ሙልሙሉ አልቆ ነበር» የሚለው ቃል «የበዓሉ ምግብ ተጠናቀቀ» ተብሎ ከተቃና በኋላ ለተመራማሪው የሚነግረው ነገር ይቀንሳልና።

በዓላት ከዓመት ወደ ዓመት ይለወጣሉ። ሙልሙል በሳንቲም፣ ሳንቲምም በብር ሲተካ፣ ለውጡን ከአዋቂዎች ቀድሞ የሚያውቀው በየደጃፉ የሚዞረው ልጅ ነው። ይህ ልጅ በክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያየውን በጻፈ ጊዜ፣ የመምህሩ እርማት ወይ ያንን ዐይን ይከፍታል ወይ ይጨፍነዋል። ስለ በዓል የተጻፈ አንቀጽ በጥንቃቄ መመዘን የሚገባው ከዚህ የተነሣ ነው።